በሞቴ የማይባልበት ሰዓት

ቶሮንቶ ውስጥ ብሉር መንገድ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ካገር ቤት እንግዳ ሊመጣበት ሲል የሚያደርገው ይታወቃል። አንሶላ ይገዛል፣ ብርድ ልብስ ይገዛል። ራሱ በአንድ ትራስ የሚያድር ሰው ለእንግዳው አራት ይደረድራል፤ ሁለቱ ለራስጌ፣ የቀሩት ሁለቱ ለምን እንደሆኑ እሱም አያውቅም። ድሮ ቢሆን ይህ ሁሉ የሚሸመተው ብሉርና ባተርስት ማዕዘን ላይ ከነበረው ከሆነስት ኤድስ ነበር። መደብሩ በ1948 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ2016 ማብቂያ እስኪዘጋ ድረስ ለስንቱ ስደተኛ የመጀመሪያውን ድስትና የመጀመሪያውን ፎጣ ሸጧል። አሁን አይኪያና ዶላራማ ተክተውታል፤ ሽር ጉዱ ግን ያው ነው። ነጭ ፎጣ በአራት ይታጠፋል፣ መጋረጃ ይታጠባል፣ ፍሪጁ በሩ አልገጥም እስኪል ይሞላል። እንግዳውም ይመጣል፤ ይሳማል፣ ይበላል፣ ይተኛል። በሦስተኛው ቀን ይኸው እንግዳ ርቦታል፣ በርዶታል፣ እንቅልፍ አጥቷል። ባለቤቱ አላወቀም፤ እንግዳው አይናገርም። ነገሩ ከንፍገት የመጣ እንዳይመስላችሁ። የእንግዳ አቀባበላችን የቆመበት አንድ ዋና ዕቃ ቶሮንቶ ውስጥ በየትኛውም መደብር አይሸጥም። ዕቃው ‹‹በሞቴ›› ይባላል።

በሞቴ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ባለቤቲቱ ‹‹ጨምር እንጂ›› ትላለች። እንግዳው ‹‹ኧረ በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ›› ይላል። አልጠገበም፤ አለመጥገቡን እሷ ታውቃለች፤ ማወቋን ደግሞ እሱ ያውቃል። ‹‹በሞቴ!›› ይመጣል። ‹‹እውነቴን ነው፣ ከቤት በልቼ ነው የወጣሁት።›› ‹‹አፈር ስሆን!›› እዚህ ላይ እንግዳው እጁን ይሰጣል፤ ‹‹እንግዲህ ላንቺ ብዬ ነው›› ብሎ ይቆርሳል። የራበው ሰው ረሃቡን ሳይናገር በላ፤ መብላቱም እንደ ውለታ ተቆጠረለት። በመጀመሪያው ጥሪ ዘው ያለ ሰው ግን ‹‹ሆዳም›› የሚል ስም ይዞ ይመለሳል። ረቂቅ አሠራር ነው፤ ማንም አያፍርም፣ ማንም አይራብም። አንድ ጣጣ ብቻ አለው፦ ሰው ይፈልጋል። አገር ቤት ይህ አያሳስብም ነበር። አያት አለች፣ እህት አለች፣ ሠራተኛ አለች፣ ሁሉም ቢጠፉ ጎረቤት አለች፤ እንግዳ ብቻውን ሊውል ይቅርና ብቻውን የሚያዛጋበት ፋታ የለም። ቶሮንቶ ላይ ባልየው ሳይነጋ ተነሥቶ መኪናውን ያሞቃል፣ ሚስትየው አረጋውያን ወደምትንከባከብበት ሥራዋ ትሮጣለች፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የቤቱ የመጨረሻ ሰው የቦት ጫማውን ዚፕ እየሳበ ‹‹ፍሪጅ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ፤ እንዳትጠብቁን፣ ብሉ!›› ብሎ በሩን ይዘጋል። ይህ የመጀመሪያው ጥሪ ነው። በደንቡ መሠረት መልሱ ‹‹በቃኝ›› ነው። ሁለተኛውን ጥሪ የሚጠራ ሰው እስከ ማታ አይመጣም።

ለምን ከፍቶ አይበላም? ፍሪጅ ጓዳ ነዋ። የሰው ጓዳ ደግሞ ባለቤቱ በሌለበት አይገባም፤ ይህን ያልተማረ ልጅ አላደገም። እሺ፣ ገባ እንበል። የትኛው ድስት ለዛሬ ራት እንደታሰበ፣ የትኛው ሳህን የልጆቹ የነገ ምሳ እንደሆነ በምን ያውቃል? እንግዳዋ ጾመኛ እናት ከሆኑ ደግሞ ረቡዕ ቀን ቅቤ ያለበትን ከሌለበት የሚለዩበት ጽሑፍ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ብቻ ተጽፏል። ውሃውም ቢሆን የራሱ ጥያቄ አለው። የቶሮንቶ የቧንቧ ውሃ ከኦንታሪዮ ሐይቅ ተጣርቶ የሚመጣ፣ እንዳለ የሚጠጣ ነው፤ ቧንቧን ለዕቃ ማጠቢያ፣ ሃይላንድን ለመጠጥ ለይቶ የኖረ ሰው ግን ይህን ካልነገሩት አፉን ከቧንቧ አያገናኝም። ሃይላንዱን ፈልጎ ያጣዋል። እናም በሦስት ሳምንት አስቤዛ መካከል፣ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይውላል።

ሌሊቱ ከቀኑም ይብሳል። ቶሮንቶ በሰመር በ7 ሰዓት፣ በዊንተር በ8 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወደ ኋላ ትቀራለች። ጥር ላይ ብሉር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ እንግዳው አውሮፕላን ሲገባ ሰዓቱን ያስተካክል እንጂ ሆዱ ገና አላስተካከለም። ቁርስ ካለፈው ቆይቷል፣ ምሳ እየደረሰ ነው። ከብሉር ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ በሚታጠፉት መንገዶች ያሉት ቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ ያረጁ፣ ጠባብ የጡብ ቤቶች ናቸው፤ ወለሉም ደረጃውም እንጨት ነው፤ እንጨቱም ማን እንደረገጠው ለቤተሰቡ ሁሉ ያሳውቃል። እንግዳው ውሃ ጠምቶት ወደ ኩሽና ለመውረድ አሥራ ሦስት ደረጃ ሲጥ ሲጥ ማሰኘት አለበት። ባለቤቲቱ ጠዋት ሥራ አለባት። ስለዚህ አይወርድም። ሽንት ቤት እንኳ ይሄድና ውሃውን መልቀቅ ይጨንቀዋል። ለመልቀቅም ነውር፣ ላለመልቀቅም ነውር፤ ብዙ ሰው ይህን ምርጫ ቆሞ ሲያሰላ ሌሊቱ ይነጋበታል።

አልጋው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘቡ ሁሉ የፈሰሰው እዚያ ነው። አንዱ አንሶላ ተወጥሮ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ተወትፏል። በላዩ ሌላ አንሶላ፣ በላዩ ስስ ብርድ ልብስ፣ በላዩ ሽፋን የለበሰ ወፍራም ኮምፎርተር፣ በላዩ አራቱ ትራሶች እንደ ሰልፈኛ ተገትረዋል። የትኛው የሚተኙበት፣ የትኛው የሚለብሱት፣ የትኛው የጌጥ እንደሆነ የሚናገር የለም። በዕድሜ የገፉ እናት ይህን ለማፍረስ እጃቸው አይዘረጋም። ትራሶቹን አንድ በአንድ አንሥተው ወንበር ላይ ያሳርፋሉ፤ ኮምፎርተሩ ላይ በስተዳር ጋደም ይላሉ፤ ከሻንጣቸው ጋቢያቸውን አውጥተው ይከናነባሉ። ሲነጋ ትራሶቹን በነበሩበት ቅደም ተከተል ይመልሳሉ። ልጃቸው ገብታ ‹‹እማዬ፣ እንዴት አደርሽ? አልጋው ተመቸሽ?›› ስትል ‹‹ኧረ ምን ጠፍቶ ልጄ! እንዲህ ያለ አልጋ መች አይቼ ዐውቃለሁ!›› ይላሉ። አልዋሹም፤ አይተውታል። ገላ መታጠቢያ ቤት ሲገቡ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። አዲስ አበባ ሙቅ ውሃ ማለት ቦይለር ነው፤ ማብሪያው ተጭኖ፣ ቀይዋ መብራት በርታ፣ ግማሽ ሰዓት ተጠብቆ የሚገኝ ነገር ነው። ቶሮንቶ ላይ ሙቁ ውሃ ሁልጊዜ አለ፤ ማብሪያው ግን የለም። ያለው አንድ እጀታ ነው፤ ይሳብ፣ ይጫን፣ ይዙር አይታወቅም። እንግዳዋ ማብሪያውን ከበሩ ውጭ ሳይቀር ፈልገው ያጡና ‹‹ዛሬ መብራት የለም ይሆናል›› ብለው በቀዝቃዛው ይታጠባሉ። ነጩን ፎጣ አይነኩትም፤ ነጠላቸው ምን ሠርታ ትበላለች?

‹‹እንደ ቤትሽ ቁጠሪው ብለናቸው የለ?›› የሚል ባለቤት ይኖራል። ብለዋል። ይህ ቃል ግን ‹‹እንዴት ዋላችሁ›› እንደማለት ነው፤ ማንም ስለ ውሎው ዝርዝር አይሰጥበትም። ደጋግሞ መናገሩም አይጠቅም፤ ስድስት ጊዜ የተነገረው ሰው ስድስት ጊዜ ‹‹እሺ›› ይላል እንጂ ፍሪጅ አይከፍትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ሲናገረን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል፤ የጨዋ መልስ ደግሞ ‹‹ምንም አልፈልግም›› ነው። ይሉኝታ የሚፈራው ዓይንን ነው። ዕቃ ግን መልስ አይጠብቅም። ራስጌ ላይ የተቀመጠ ፔርሙዝ ‹‹ሻይ ላምጣ?›› አይልም፤ ስለዚህ ‹‹ኧረ ተዪው›› አይባልም። ዝም ብሎ ይቀዳል። ብሉር ላይ የእንግዳ ክፍል ማሰናዳት ማለት እንግዲህ፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ባለቤቶቹ በሌሉበት ወይም በተኙበት ሰዓት በሞቴ የሚሉ ዕቃዎችን በየቦታቸው ማኖር ነው። ሌላው፣ መጋረጃውም የላሊበላው ሥዕልም፣ ለባለቤቱ ደስታ ነው።

ዕቃዎቹ ውድ አይደሉም፤ ብልሃቱ አቀማመጡ ላይ ነው። ያልተከፈተ ብስኩት ለእንግዳ ያልተፈቀደ ብስኩት ነው፤ ፓኬቱ ተቀዶ፣ ሁለት ፍሬ ጎድሎለት መቀመጥ አለበት። ዳቦውም አስቀድሞ ይቆረስ፤ ሙሉ ዳቦ ላይ ቢላ ማሳረፍ የቤቱ ባለቤት ሥልጣን ነውና። ፍሪጁ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ባዶ ይደረግና የእንግዳዋ ምግብ በሰሃን በሰሃን ተከፍሎ፣ የረቡዕና የዓርቡ ለብቻ፣ ስማቸው በአማርኛ ተጽፎበት ይግባ፤ ስም የተጻፈበትን አለመብላት አሁን በተራው ነውር ይሆናል። ውሃ በጆግ ከነብርጭቆው ራስጌ ይቀመጥ፤ በዊንተር ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቀው ጉሮሮ ሌሊት ይደርቃል። የከተማው ደንብ አከራዮች በቅዝቃዜው ወራት ቤቱን ቢያንስ 21 ዲግሪ እንዲያደርሱ ያስገድዳል፤ በራሱ ቤት የሚኖር ቆጣቢ ሐበሻ ግን ማታ ማታ ዝቅ ያደርገዋል። ‹‹ይበርድሻል?›› ቢባሉ ‹‹ኧረ ሞቆኛል›› የሚሉ እናት ካፖርት ለብሰው ይተኛሉ። ስለዚህ ተጨማሪው ብርድ ልብስ ከቁም ሣጥን ወጥቶ፣ መታጠፉ ቀርቶ፣ ወንበር ላይ ጣል ይደረግ። አልጋው ከአንድ ጎኑ ገለጥ ይበል። ሁለቱ ትራሶች ወደ መጡበት ይመለሱ። ፎጣው ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡናማ ይሁን፤ አንዴ የታጠበ ቢሆን ይመረጣል። የስልክ ቻርጀር ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ይጠብቅ፤ እዚህ አገር መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ ሶኬቱም ካገር ቤቱ መሰኪያ ጋር አይገጥምም፤ የእንግዳው ስልክ ሞቶ ሁለት ቀን ሲቆይ ‹‹እዚህ ኔትወርክ የለም እንዴ?›› እያሉ የሚጨነቁት አዲስ አበባ ያሉት ናቸው። የገላ መታጠቢያውን እጀታ በቃል ማስረዳት አይበቃም፤ በመጀመሪያው ምሽት ባለቤቲቱ ራሷ ከፍታ፣ ውሃው ሞቆ፣ እንፋሎቱ እስኪታይ ቆማ ትሂድ። የቡናው ነገርም እንዲሁ ነው። ብቻቸውን የሚውሉ እናት መጀመሪያ የሚደፍሩት ሥራ ቡና መቁላት ነው፤ ጭሱ ሲወጣ ጣሪያው ላይ ያለችው የጭስ ማንቂያ ትጮኻለች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ምድጃ አይነኩም። መስኮቱን አስቀድሞ መክፈትን፣ ከምድጃው በላይ ያለውን ማራገቢያ ማብራትን አብሮ ቆልቶ ማሳየት የዚህ ሁሉ ድካም እኩሌታ ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል፤ ‹‹ይህማ ሆቴል ነው! እንግዳን ራስህን አስተናግድ ማለት የፈረንጅ ጠባይ ነው›› የሚል። ቀላል ክስ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ገደማ ሆቴላቸውን አዲስ አበባ ላይ ሲከፍቱ ለእህል ገንዘብ መክፈል ነውር ስለነበር ሰዉ እንዲለምደው አፄ ምኒልክ ራሳቸው ከመኳንንቱ ጋር ሄደው በልተው እንደከፈሉ ይነገራል። የሆቴል ነገር እንዲህ ተለምኖ የገባበት አገር ሰው ለእንግዳው ክፍል ከሆቴል ትምህርት ቅዳ ቢባል ቢከፋው አይፈረድበትም። (ብሉር ራሱ ስሙን ያገኘው ከጆሴፍ ብሉር ነው፤ ሰውየው መጀመሪያ እንግዳ በገንዘብ የሚያሳድር፣ ኋላ ቢራ የሚጠምቅ ነበር። ስለዚህ መንገዱ ከሥረ መሠረቱ በእኛ ደንብ አልቆመም።) ነገር ግን ባህላችንን ጠጋ ብለን ካየነው ተቃዋሚው የተሳሳተ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ በእግሩ የተጓዘ የመሸበት መንገደኛ ‹‹ቤት ለእንግዳ›› ተብሎ ሲገባ መጀመሪያ የሚደረግለት እግሩን መታጠብ ነበር። ‹‹እግርህን ልጠብህ?›› ብሎ የጠየቀው የለም። ቢጠየቅ ‹‹ኧረ በፍጹም!›› ይል ነበር። ሙቁ ውሃ በገበቴ ሆኖ እግሩ ሥር ስለመጣ ብቻ ታጠበ። የእጅ ማስታጠቢያውም እንዲሁ ነው፤ ማንም ‹‹ውሃ አለ?›› ሳይል በየእንግዳው ፊት ይዞራል። መደቡ ላይ ቁርበቱ የሚነጠፈው እንግዳው ‹‹ደከመኝ›› ሳይል ነው። አባቶቻችን ይሉኝታን ከኛ የበለጠ ያውቁት ስለነበር አንደበት የማይደፍረውን ሁሉ ሳይጠየቅ እንዲመጣ አድርገው ሠርተውታል። ገበቴውን ይዛ የምትመጣዋ ልጅ ዛሬ የማታ ፈረቃ ላይ ናት፤ ፔርሙዙ የእሷን ሥራ ይሠራል።

‹‹ክፍሉስ የት አለና?›› የሚለው ደግሞ እውነተኛ ችግር ነው። በብሉር ዳር የሚነሡት ኮንዶዎች ‹‹ዋን ቤድሩም ፕላስ ደን›› ተብለው ይከራያሉ፤ ደን የተባለችው አንድ ጠረጴዛ የምትይዝ፣ ብዙውን ጊዜ መስኮት የሌላት ጥግ ናት። ብዙው ሐበሻ መፍትሔው አልጋውን መልቀቅ ይመስለዋል። ‹‹አይሆንም!›› ‹‹በሞቴ!›› ‹‹አላደርገውም!›› እየተባለ ክርክሩ እኩለ ሌሊት ይደርሳል፤ በመጨረሻ እንግዳው ባልና ሚስቱን ሳሎን መሬት ላይ አስተኝቶ በአልጋቸው ያድራል። ያድራል እንጂ አይተኛም፤ በተገላበጠ ቁጥር ወለሉ ላይ ያሉት ይታዩታል። በሞቴ ለእንጀራ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ ለአልጋ ሲውል እንግዳውን ባለዕዳ ያደርጋል። ሳሎን ሶፋ ላይ ማስተኛትም የራሱ ሕመም አለው፤ ልጆቹ ቴሌቪዥኑን እስኪያጠፉ አይጋደም፣ የመጀመሪያው ሰው ለሥራ ሲነሣ ተነሥቶ አንሶላውን ማጠፍ አለበት። ከሁሉም መስኮት የሌላት ደን ትሻላለች። መጋረጃ ወይም በር ይኑራት፣ ውሃውና መብራቱ እጅ ይድረሱ፣ ሁለቱ 23 23 ኪሎ ሻንጣዎች የሚያርፉበት ቦታ ይገኝ። ሻንጣው ከልብስ ይልቅ በርበሬና ሽሮ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ስለሚበዛበት ክፍሏ በሁለተኛው ቀን የመርካቶ በርበሬ ተራን ትሸታለች፤ ይህ ለእንግዳው ቅሬታ ሆኖ አያውቅም።

የዛሬ ልጆች ይሉኝታ የላቸውም ይባላል። አዎ፤ ከቦሌ በቀጥታ የመጣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ዋይፋዩን ከሰላምታው በፊት ይጠይቃል፣ ፍሪጁንም ጫማውን ሳያወልቅ ይከፍታል። ለእሱ ይህ ጽሑፍ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ቁልፍ ነው።

ዋናው ጭንቅ ያለው የሚቆዩት ዘንድ ነው። በተራ የጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይፈቀድለታል። ለወላጆችና ለአያቶች በ2011 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የተጀመረው ሱፐር ቪዛ ደግሞ ከ2022 ወዲህ በአንድ መግቢያ እስከ 5 ዓመት ያስቆያል። እንግዳን በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በማግስቱ ብር፣ ከዚያ መዳብ እያደረገ የሚያወርደው የጥንቱ ብሂል በአምስተኛው ዓመት ምን ማዕድን ላይ እንደሚደርስ አላሰበበትም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ቢያንስ የ100 ሺህ ዶላር ሽፋን ያለው የጤና ኢንሹራንስ ይጠይቃል፣ የምትጠራቸውን ልጅ ገቢ ይጠይቃል፤ እናትየዋ ፍሪጅ ይከፍታሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ፎርም ግን የለውም። ለእንዲህ ያለ እንግዳ ፔርሙዝ ብቻ አይበቃም፤ ሥራ ያስፈልጋል። ‹‹እንግዳ እንዴት ይሠራል?›› ማለት ደግ ይመስላል፤ ሽንኩርት የከተፈ ሰው ግን ወጡን ሳይለመን እንደሚቀምስ መርሳት ነው። እጁ የገባበት ድስት የሰው ድስት አይሆንም። ሽንኩርቱ ከተለመደ በኋላ መውጫም ያስፈልጋል፤ ለባቡር ገንዘብ የተሞላበት የፕሬስቶ ካርድ በሩ አጠገብ ተንጠልጥሎ ይቆይ፤ ‹‹ለባቡር ስጪኝ›› ማለት ለእናት አፍ ከባድ ነው። ከኦሲንግተን ጣቢያ ተሳፍረው ወደ ምሥራቅ ቢሄዱ ባቡሩ የዶንን ሸለቆ ተሻግሮ ዳንፎርዝ ያደርሳቸዋል፤ እንጀራውም፣ የሚያወሩት ሰውም እዚያ አለ። የሸለቆው ድልድይ በ1918 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ለባቡር የሚሆን ታችኛ ፎቅ አስቀድሞ ተሠርቶለት ነበር፤ ባቡሩ የመጣው በ1966 ነው። ሳይጠየቁ ማሰናዳት ከተባለ እንዲህ ነው።

ይህ ሁሉ ከሠመረ፣ በሁለተኛው ወር ገደማ እናትየዋ ፍሪጁን ሳያስተውሉት ይከፍታሉ። በሦስተኛው ወር ጨውና ስኳሩ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ድስቶቹ ከላይኛው ቁም ሣጥን ወደ ታችኛው ይወርዳሉ፤ የልጅቷ የቡና ማሽን ‹‹ቦታ ይዞ›› ተብሎ ቁም ሳጥን አናት ላይ ይወጣል። ልጅቷ ከሥራ ደክማ ገብታ ጨው ትፈልጋለች፣ ታጣለች። እናቷ ጸሎት ላይ ናቸው። መጠየቅ ያሳፍራታል። ወጡን አልጫ ሆኖ እንዳለ ትበላዋለች።